የቡላ ቄጤማ

ነገሩ በየሰፈሩ በተለያየ መልክ እየተወራ ስለሆነ፣ አስቀድሜ በቦታው የነበረውን ሰው በስም ልጥራ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን፣ እትዬ ወርቅነሽ ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ፣ እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው፤ የቤቱም፣ የግቢውም፣ የዚያን ዕለት ማኅበርም ባለቤት። ሁለተኛ፣ ባለቤታቸው መሪጌታ ኃይሌ፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው። ሦስተኛ፣ እማሆይ አጸደ፤ ከመሪጌታ በስተቀኝ፣ በርጩማ ላይ። አራተኛ፣ ጡረታ የወጡት ሻምበል ጥላሁን፤ ከበሩ ትይዩ፣ ማንም ሳያዛቸው ቀጥ ብለው። አምስተኛ፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ፤ የተቀመጡበትን ቦታ ግን መናገር አልችልም፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። ስድስተኛ፣ እንደ እኔ ተከራይ የሆነው ጋሽ ደምሴ፤ የጫጫ መስመር ሚኒባስ ሹፌር። ሰባተኛ እኔ፤ ዳቦ ይዤ ቆሜ። ስምንተኛ ቡላ።

ቄሱን አልቆጠርኳቸውም። ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦውንና ጠላውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ሄደው ነበር። «ቄሱ ባሉበት ነው የሆነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በቦታው አልነበረም ማለት ነው። ከኋላ በኩል ሌሎች የማኅበሩ አባላትም ነበሩ፤ እነሱ ግን ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ ዓይናቸው ዳቧቸው ላይ ስለነበር ለምስክርነት አይበቁም።

ቡላ ውሻ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ጋሽ ደምሴ ኮንትራት ይዞ እስከ ጣርማ በር ሄዶ ሲመለስ፣ ከመኪና መንገዱ ዋሻ ወዲህ ያለ አንድ በግ አርቢ ወዳጁ በብስኩት ካርቶን አድርጎ ሰጠው። እትዬ ወርቅነሽ ለግቢው ጠባቂ ውሻ እንፈልጋለን ካሉ ቆይተዋል። ካርቶኑ ሲከፈት ግን የወጣው ነገር ራሱ ጠባቂ የሚያስፈልገው ነበር፤ ሁለት ወር ያልሞላው፣ ቡላ መልክ ያለው፣ ሆዱ ከእግሩ የሚበልጥ ቡችላ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ብስኩት ሁሉ እሱ የበላው ይመስል ነበር።

«ሰባት ወንድሞች አሉት» አለ ጋሽ ደምሴ። «ባለቤቱ ስምንተኛውን አላሳድግም፣ ካልወሰድከው ለገደሉ ነው ብሎኝ ነው።»

እትዬ ወርቅነሽ አዩት፤ አገላብጠው አዩት። «እሺ፣ ውጭ ይደር» አሉ።

ውጭ ይደር! የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ምንም አይመስለውም። እዚህ በጥቅምት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ላይ የረጋውን በረዶ በጣትህ ሰብረህ ነው ፊትህን የምትታጠበው። እኔ ራሴ በሁለት ብርድ ልብስና በካልሲ ነው የምተኛው። ስለዚህ ማንም ሳይሾመኝ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ቡላን ወደ ክፍሌ አስገባሁት። ስሕተቶቼን በቅደም ተከተል ከቆጠርን የመጀመሪያው ይኼ ነው፤ አልጸጸትበትም።

ሥራዬ ራዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ እየፈታሁ፣ የበለጠ እያበላሸሁ፣ ከዚያ ደግሞ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ የተማርኩት ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ አንድ እምነት አለ፤ ማንኛውም ብልሽት ምልክቱ በጥንቃቄ ከተመዘገበ መንስኤው ይገኛል። ስለዚህ ቡላ በመጣ በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት 12፡40፣ አልጋ ሥር። 1፡15፣ ጫማ ውስጥ (የግራው)። 3፡05፣ የመሪጌታ ራዲዮ።»

ስለ ራዲዮው ላስረዳ። መሪጌታ ስብከት የሚያዳምጡበት ራዲዮ ጫጫታ አብዝቶ ለጥገና ሰጥተውኝ፣ ጀርባውን ከፍቼ ወለሉ ላይ አድርጌው ነበር። ቡላ መጣ፣ አሸተተ፣ ዞረ፣ ቁጢጥ አለ። አድርቄ፣ ጠራርጌ፣ በፍርሃት ገጠምኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ጣቢያውን ጥርት አድርጎ ይይዛል። መሪጌታ «እጅህ የተባረከ ነው» ብለውኛል። እጄ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን እትዬ ወርቅነሽ የጠፋ ወንፊት ፍለጋ ወደ ክፍሌ ብቅ አሉ። ገና ከበሩ ላይ አፍንጫቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሊድ ነው እትዬ። ሽቦ ስበይድ የማቀልጠው…»

«ሊድ እንዲህ ይሸታል?»

ይህን ጊዜ ቡላ ካልሲዬን በአፉ ይዞ ከአልጋው ሥር ብቅ አለ።

«ሊዱ ጅራት አለው?» አሉኝ።

እኔ በደኅናው ቀንም ብዙ አላወራም። እሳቸው ግን ወለሉን ጎንበስ ብለው አዩት። ወለሉ ጣውላ ነው፤ በየዓመቱ በሰም የሚወለውሉት፣ ከሳሎናቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለይ።

«ስማኝ» አሉ። «ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ የኔ ተራ ነው። ይኼ ግድግዳ ሽታ አይከለክልም። እስከዚያ ድረስ ውጭ መውጣት ከለመደ ይቀመጥ። ካልለመደ፣ በመጣበት ካርቶን ወደ ጣርማ በር።»

ጣርማ በር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ጋሽ ደምሴም እናውቃለን። ቡላ አያውቅም፤ ካልሲዬን እየበላ ነበር።

ወሬው በግቢው ከተሰማ በኋላ መካሪ በዛ። እትዬ የሺ «በርበሬ ነስንስበት፣ በሸናበት ቦታ ዳግመኛ አይደርስም» አሉኝ። ነሰነስኩ። እውነታቸውን ነው፣ ቡላ እዚያ ቦታ አልደረሰም፤ ግን በርበሬው እሱንም እኔንም እኩል አስነጠሰን፣ እሱ ደግሞ ባስነጠሰ ቁጥር ጠብ ያደርጋል። ያን ቀን በደብተሬ ላይ አሥራ አንድ ቦታ ተመዝግቧል።

ሻምበል ጥላሁን ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ ተመለከቱት። «ሥነ ሥርዓት ነው የጎደለው። ወታደር እንኳ በሰዓቱና በፊሽካ ነው» ብለው፣ ከድሮ ዩኒፎርማቸው ላይ የተረፈች ፊሽካቸውን ከነገመዷ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ቡላን ይዤ ውጭ እወጣለሁ፣ ቁጢጥ ሲል ፊሽካ እነፋለሁ። በአራት ቀን ውስጥ ተአምር ሆነ፤ ፊሽካውን ስነፋ ወዲያው ቁጢጥ ይላል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያላሰብኩት ነገር፣ ከአጥራችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት መሆኑን ነው። ረቡዕ ጠዋት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ አስተማሪያቸው ጥፋት ባየ ቁጥር ፊሽካ ይነፋል፣ ቡላም ክፍሌ መሐል ቁጢጥ ይላል። ጨዋታው ደግሞ ጥፋት የበዛበት ነበር።

ፊሽካዋን ለሻምበል መለስኩና ወደማውቀው መምህር፣ ወደ ስልኬ ዞርኩ። አንዲት ፈረንጅ፣ ከቤቷ ጓሮ ውስጥ ቆማ፣ ረጋ ብላ ታስረዳለች። እንግሊዝኛዬ የራዲዮ መመሪያ በማንበብ የተገኘ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማኋት። ያለችው ባጭሩ ይኼ ነው፤ ቡችላ ቦታውን የሚለየው እግሩ ሥር በሚሰማው ነገር ነው። ሣር ላይ አውጡት። እዚያ ሲጨርስ ወዲያው በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑት፣ የሚበላ ነገር ስጡት። ከአሮጌው ሣርም ትንሽ ተዉለት፣ ሽታው ያስታውሰዋል።

ነገሩ ከአእምሮዬ ጋር ገጠመ። ችግሩ ሣር ነው። የእትዬ ወርቅነሽ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የፈረንጇ ጓሮ እዚህ የለም። ስለዚህ በየማለዳው በረሳ ወንዝ ዳር እየወረድኩ አንድ እቅፍ ለምለም ቄጤማ በቢላዋ ቆርጬ አመጣለሁ፣ ከጓሮ በኩል ካለው ጥግ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አነጥፋለሁ። ቡላን እዚያ አወጣዋለሁ። ሲጨርስ «ጎበዝ ቡላ!» እለውና ከኪሴ ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ። ከአሮጌው ቄጤማ አንድ እፍኝ ከሥር እተዋለሁ፣ እንደታዘዝኩት።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀድመኸኝ እንደደረስክ ይገባኛል። እኔ ግን አልደረስኩም። በየቀኑ ቄጤማ ታቅፌ ደብረ ብርሃን መሐል እያለፍኩ፣ ቄጤማ በዚህ አገር ለምን እንደሚፈለግ የሚያስታውሰኝ ሰው በየመንገዱ እየተገኘ፣ አልደረስኩም። የመጀመሪያው ቀን ባለሱቁ «እንኳን አደረሰህ፣ የማን በዓል ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጫማ የሚጠርጉት ልጆች «ሙሽራው!» ብለው ጠሩኝ። በአምስተኛው ቀን እትዬ የሺ በሩን አልፈው ገብተው «ይኼ ዝምተኛ! በሆዱ ይዞ ይዞ! የማን ልጅ ናት?» አሉ። የለችም ብል ማን ሊያምነኝ። አንድ ወንድ ልጅ በየማለዳው ቄጤማ የሚሸከመው ለቡችላ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በሰሜን ሸዋ የለም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ቡላ ግን ተማረ! በሰባተኛው ቀን ከክፍሌ በር ላይ ቆሞ በጥፍሩ ቧጨረ። ከፈትኩለት። ግቢውን ሰንጥቆ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጥጉ ደርሶ፣ ቄጤማው ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ዳቦውን ጠበቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። በደብተሬ ላይ አምስት ቀን ሙሉ «ንጹሕ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል፤ «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ለእትዬ ወርቅነሽ ስነግራቸው «ሚካኤል ያሳየኝ» ብቻ አሉኝ። አሳያቸው።

የማኅበሩ ዕለት እንደወትሮዬ ማለዳ ወረድኩ። በዓል ስለሆነ ቡላም ደስ ይበለው ብዬ ያመጣሁት ቄጤማ ከሌላው ቀን እጥፍ ነበር። ጥጉ ላይ ከምሬው፣ ቡላን ክፍሌ ውስጥ ዘግቼ፣ እትዬ ወርቅነሽን ላግዝ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፣ የጠላ እንስራ አዘነበልኩ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ እትዬ ከገበያ ያስመጡት ቄጤማ ግን ትንሽ ሆኖ ግማሹ ወለል ራቁቱን ቀረ። ይህን እኔ አላየሁም፣ ዳቦ ቤት ተልኬ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት እትዬ ወርቅነሽ ፊታቸው በርቶ «ያ ልጅ! ለካስ ለማኅበሬ ብሎ ኖሯል የሚለፋው! ደምሴ፣ ከጓሮ ያለውን ቄጤማ አምጣው» አሉ። ጋሽ ደምሴም ሄዶ በሁለት እጁ ዛቅ አድርጎ አመጣ። ሁሉንም። የላዩንም፣ የሥሩንም።

የሥሩን በሚመለከት ጋሽ ደምሴ ዛሬ ገና ነው የሚሰማው። ይቅር ይበለኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቄሱ ከሄዱ በኋላ፣ የተቆረሰውን ዳቦ በትሪ ይዤ ገባሁ። ሳሎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። «ያምራል» ብዬ አሰብኩ። እማሆይ አጸደ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አንድ ዘለላ አነሡና አሸተቱ። «የወንዝ ዳር ነገር! ሽታው ራሱ ልዩ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የደረስኩት።

በተከፈተው በር ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ጥጉ ይታየኛል። ባዶ ድንጋይ። ወዲያው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ጥፍር፣ በር ላይ። የክፍሌ መቀርቀሪያ ላልቷል። የሰው ዕቃ ሁሉ እጠግናለሁ፣ የራሴን መቀርቀሪያ ግን «ነገ» ስል ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁት።

ቡላ ግቢውን ሰንጥቆ ጥጉ ደረሰ። ድንጋዩን አሸተተ። ዞረ። እንደገና አሸተተ። ጉዳይ ሊያስፈጽም መጥቶ መሥሪያ ቤቱ ቦታ ቀይሮ ያገኘ ሰው ይመስል ቆመ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ። ነፋስ ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ። ትሪውን ግን የሚቀበለኝ አልነበረም። ቡላ ደረጃውን ወጣ፣ ደፉን ተሻገረ፣ በሻምበል ጫማና በእትዬ የሺ ቀሚስ መሐል አልፎ፣ መሪጌታና እማሆይ ፊት ደረሰ። ሦስት ጊዜ ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ቁጢጥ አለ።

ሲወርድ ይሰማል። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ለይቶ፣ ጅራቱን እየቆላ አየኝ።

አሁን የምናገረውን ነገር ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ልማድ ክፉ ነው። አፌ ሳያስፈቅደኝ ተከፈተና፣ በዚያ ጸጥታ መሐል፣ ጮክ ብዬ፣ «ጎበዝ ቡላ!» አልኩ። እጄም ቁራሽ ዳቦ ሰጠው። ከኪሴ ነው። ከማኅበሩ ዳቦ አይደለም፤ ይህ በትክክል ይያዝልኝ።

«ጎበዝ አለው!» አሉ እትዬ የሺ።

«ምን አልከው?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እትዬ…»

«ማኅበሬ መሐል ሸንቶ፣ ጎበዝ?» ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። «ደምሴ! ካርቶኑን አምጣ! አሁኑኑ ጣርማ በር!»

ጋሽ ደምሴ የያዘውን ብርጭቆ አየ፣ ቡላን አየ። «ጠላ ይዞኛል እትዬ፤ መንዳት አልችልም።»

«አንተን ጠላ ይዞህ ያውቃል?»

«ዛሬ ያዘኝ።»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ወርቅነሽ። ና እስቲ አንተ ልጅ፤ ትሪውን አስቀምጥ። ምን ብለህ ነው ያስተማርከው?»

እዚያ ሳሎን ውስጥ በሁለት ዓመት ከ«እንደምን አደራችሁ» ያለፈ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ግን ካርቶኑ በዓይኔ ላይ ነበር። ደብተሬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩ። በርበሬውን፣ ፊሽካውን፣ ረቡዕን፣ ፈረንጇን፣ ቄጤማውን፣ አምስቱን ንጹሕ ቀን። የራዲዮውንና ከሥር የሚተወውን የአሮጌ ቄጤማ መስመር ዘልያለሁ። ፊሽካው ጋ ስደርስ ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። እማሆይ አጸደ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቁ ነው።

«ማኅበርተኞች» አሉ መሪጌታ። «ሠላሳ ዓመት ዜማ አስተምሬአለሁ። ስንቱ ተማሪዬ ነው ያልኩትን ትቶ የራሱን ይዞ የሚመጣው! ይኼ ግን ቄጤማ ላይ ነው አሉት፣ ቄጤማው ቦታ ሲቀይር እንኳ ፈልጎ መጣ። አንዲትም አላዛነፈም። የተሳሳተው መምህሩ ነው።»

«ሰበብ ነው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ቡችላ ነው፣ መጣበት፣ ለቀቀው። ልማድ መሆኑን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ታዲያ ይታይ ተባለ። የረጠበው ቄጤማ ተጠርጎ ወጣ፣ ከንጹሑ አንድ እፍኝ ጥጉ ላይ ተነጠፈ፣ ቡላ ግቢው መሐል ተቀመጠ፣ ማኅበሩ በሙሉ፣ እማሆይ ጭምር፣ ወጥቶ ዙሪያውን ቆመ። አንዳንዱ ብርጭቆውን እንደያዘ ነው። ቡላ ግን አሁን ጨርሶ የመጣ ነው፤ ምን ይኑረው? ሰውን አየ፣ አዛጋ፣ ፀሐይዋ ላይ ተኛ።

ሩብ ሰዓት። ሻምበል በሰዓታቸው ይዘዋል። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ።

«ጠላ ስጡት» አሉ እትዬ የሺ። «እኔን ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው የሚያስነሣኝ።»

«ተዉት እንጂ» አሉ እማሆይ። «ይኼ ሁሉ ሰው አፍጥጦበት እንዴት ይሆንለታል? ዘወር በሉለት።»

ተዞረለት። እኔ ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አሰብኩ፣ የሚያምነኝ የለም ብዬ። ግን እውነት ነው፤ ነጠላውን ያጣፋ ማኅበርተኛ ሁሉ፣ ለአንድ ቡችላ ክብር ሲል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ሲዞሩ ያልዞርነው እኔና እትዬ ወርቅነሽ ነን፤ እሳቸውም ግማሽ ዞረዋል፣ አንድ ዓይናቸው ቡላ ላይ ነው። እኔ እየጸለይኩ ነበር። ለሚካኤል ስለ ቡችላ ሽንት መጸለይ ይገባል አይገባም፣ መሪጌታን ገና አልጠየቅኳቸውም።

ይህን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በኩል ፊሽካ ተነፋ።

ቡላ ጆሮውን አቆመ። ተነሣ። ያለው ግን ድንጋዩ ላይ ነው፣ ፊሽካው ደግሞ የት የሚባል ነገር አያውቅም። ቡላ ግን ሮጠ። ጥጉ ደረሰ፣ ቄጤማው ላይ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ቁጢጥ አለ።

«ሆነ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ የሺ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ደምሴ ሻምበልን አቀፋቸው። ሻምበል «ፊሽካው! ፊሽካው ነው!» ይላሉ። ባለሱቁ ከውጭ እልልታውን ሰምቶ «ሙሽሪት መጣች?» ብሎ በአጥሩ አንገቱን አስገባ።

እትዬ ወርቅነሽ አልሳቁም። ከንፈራቸው ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እስከ ገና» አሉ። «በገና ቄጤማ እጎዘጉዛለሁ። ያን ዕለት ይኼ ውሻ ቄጤማዬ ላይ ቁጢጥ ካለ፣ ካርቶን አልፈልግም፤ እሱንም አንተንም በእግራችሁ ነው የምሸኛችሁ።»

ከኅዳር አሥራ ሁለት እስከ ገና አርባ ሰባት ቀን ነው። ያስተማሩትን ማስረሳት ከማስተማር እንደሚከብድ በአርባ ሰባቱም ቀን አየሁ። ምክሩን የሰጡኝ መሪጌታ ናቸው፤ «ክርስቲያን ቤቱ የማይጎዘጉዘውን ነገር ፈልግ» አሉኝ። ከጎናችን ካለው አናጢ ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ ከረጢት አመጣሁ። መጀመሪያ ቄጤማው ላይ ትንሽ በተንኩ፤ በየቀኑ ሰጋቱራውን እየጨመርኩ፣ ቄጤማውን እየቀነስኩ ሄድኩ። በመጨረሻም ቄጤማ ብቻውን በሌላ ቦታ እያነጠፍኩ እንዳላየ አሳልፈው ጀመር። አንዳንድ ቀን ይሳካል። አንዳንድ ቀን ቡላ በሁለቱ መሐል ቆሞ እኔን ያየኛል፤ ሐሳባችሁን መቼ ነው የምትጨርሱት የሚል ይመስላል። እስከ ገና ዋዜማ ድረስ በደብተሬ ላይ ስለ ቄጤማው የተጻፈው የመጨረሻ ቃል «አይታወቅም» ነው።

የገና ዕለት እነዚያው ሰዎች ተሰበሰቡ። እትዬ የሺ ማንም ሳይጠራቸው ከሁሉ ቀድመው ነበር። ሳሎኑ አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው ወደ ክፍሌ መጥተው በሩን ከፈቱና «ና ቡላ» አሉት። በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ተከተላቸው። ደፉ ላይ ደረሰ። ቄጤማውን አየ። የፊት እግሩን አነሣ፤ አንዱን ብቻ፣ የቀኙን። አነሣና አየር ላይ ያዘው። አፍንጫው ይንቀሳቀሳል። ኪሴ ውስጥ ዳቦ አልነበረም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ እጄን ስለማላምነው።

ቡላ እግሩን መልሶ ደፉ ላይ አወረደ። ዞረ። ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን ሰንጥቆ፣ ሰጋቱራው ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ቁጢጥ አለ።

እትዬ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመው እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ከእጃቸው ካለው ድፎ ዳቦ ዳሩን ቆርሰው፣ ደረጃውን ወርደው፣ ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው «ጎበዝ» አሉት። እኔ ከሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።

እሳቸው አላልኩም ይላሉ። ስለዚህ በቦታው የነበራችሁ ሁሉ ያያችሁትን ጨምሩበት። ሻምበል፣ ከፊሽካው እስከ ቄጤማው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይንገሩን። እማሆይ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ ካዞራችሁት መሐል ማን ሰርቆ እንዳየ እርስዎ ያውቃሉ። ጋሽ ደምሴ፣ ካርቶኑን የት እንደደበቅከው እስከ ዛሬ አልነገርከንም። ከሁሉም በላይ ግን እትዬ የሺ፣ በገና ዕለት ደረጃው ሥር የነበሩት እርስዎ ነዎት። እትዬ ወርቅነሽ ጎበዝ ብለዋል ወይስ አላሉም?